የአሚ አፍንጫ

አሚ ለሥራ የመረጡኝ በአፍንጫቸው ነው። ያኔ ጅዳ ውስጥ ካራንቲና በሚባለው ሰፈር፣ ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ቆመን የቀን ሥራ ከምንጠብቀው አንዱ ነበርኩ። አንድ ቀን አሮጌ ፒክአፕ መጥቶ ቆመና ነጭ ጢም ያላቸው ቀጭን ሽማግሌ ወረዱ። "ከናንተ መሀል ሲጃራ የማያጨስ ማን ነው?" አሉ፣ በአማርኛ። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ሽማግሌው ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄዱ ጠጋ ብለው አሸተቱን። እኔ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ።

"ትናንት ማታ ሽንኩርት፣ ዛሬ ጠዋት ፉል። ሲጃራ የለም። አንተ ግባ። ሌሎቻችሁ አላህ ይማራችሁ፣ ዋሽታችኋል።"

የተሸተቱት ጓደኞቼ እስከ ዛሬ ሲያገኙኝ አንገቴ ሥር እየገቡ ያሸቱኛል።

አሚ ስማቸው አይደለም። በአረብኛ "አጎቴ" ማለት ነው፤ ሠራተኛውም ደንበኛውም የሚጠራቸው እንዲያ ብሎ ነው። አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው መካ የቀሩ ሰው ነበሩ። አሚ መካ ተወልደው፣ መካ አግብተው፣ ሚስታቸውንም እዚያው ቀብረዋል። አማርኛቸውን ከእናታቸው ነው የተማሩት፤ ግማሹ አረብኛ ነው፣ የቀረው ደግሞ እኛ አገር ራሱ አሁን የማይሰማ የድሮ የወሎ አነጋገር። የሚሠሩት ግን ጅዳ ነው። ፔትሮሚን በሚባለው የጋራዥና የመጋዘን ሰፈር የጋዝ ሲሊንደር ማከፋፈያ አላቸው። በየቀኑ ጠዋት ከመካ መጥተው ማታ ይመለሳሉ። እኔን ከወሰዱኝ በኋላ ወረቀቴንም ከቀድሞው ከፊሌ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ በስሙ ከነበረው አሠሪዬ፣ ወደ ራሳቸው አዛወሩልኝ። እንዲህ ሆኜ የጋዝ ሰው ሆንኩ።

ሥራው እንዲህ ነበር። የጭነት መኪናው ሙሉ ሲሊንደሮችን አምጥቶ ሲያራግፍ አሚ በር ላይ ካለችው በርጩማቸው ይነሳሉ። የእያንዳንዱን ክዳን አንስተው፣ ወገባቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ ጎንበስ ብለው የአንገቱን ቁልፍ ያሸታሉ። ከዚያ እንደ ሐኪም ይፈርዳሉ። "ሰሊም" ካሉ ጤነኛ ነው፣ ወደ ጥላው ይገባል። "መሪድ" ካሉ ታሟል፣ ይተነፍሳል ማለት ነው፤ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ግቢው ጥግ ይወሰድና አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። እኔ አጠገቡ ቆሜ ምንም ሳይሸተኝ እሳቸው "መሪድ" ያሉት ሁሉ መሪድ ነበር። አንድም ቀን ሲሳሳቱ አላየሁም።

ግድግዳው ላይ በሥዕል የተሠራ የጥንቃቄ ወረቀት ተለጥፏል። ከሥዕሎቹ በአንዱ ላይ አንድ ሰው በስፖንጅ የሳሙና አረፋ ሲሊንደሩ አንገት ላይ ይቀባል፤ የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነፋል። አሚ ያንን ሥዕል በሂጅሪ ካላንደር ሸፍነውታል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። "ሳሙና አፍንጫ ለሌለው ነው፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ።"

በዚህ አንድ ነገር ላይ ይኩራሩ እንጂ በሌላው ሁሉ ጥንቃቄያቸው ሰው ያስመርር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንቴ አንዱን ሲሊንደር አጋድሜ በእግሬ እየገፋሁ ሳንከባልለው አዩኝ። ጩኸታቸው ሦስተኛው ጋራዥ ድረስ ተሰማ።

"ሰው ነው ተኝቶ የሚያርፍ! አንቡባ ቆሞ ነው የሚያርፍ! ያላ፣ አንሣው! ይቅርታ በለው!"

የእውነት ይቅርታ አስጠየቁኝ፤ አንቡባ ለሚሉት ሲሊንደር፣ ለብረት። የጎረቤት መካኒኮች ሥራቸውን አቁመው ሲስቁብኝ ደሜ ፈላ። እኔ ቶሎ የሚግለኝ ሰው ነኝ፤ ጓንቴን ወርውሬ ልሄድ ምንም አልቀረኝም ነበር። አሚ ግን ወዲያው ሻይ ቀድተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ውስጡ ያለው ፈሳሽ እንደሆነ፣ ትነቱ ከላይ እንደሚቀመጥ፣ ሲጋደም ፈሳሹ አፉ ጋ እንደሚመጣ ነገሩኝ። "ፈሳሹ ካመለጠ ይተናል፣ ቤቱን ይሞላል። ጭስ አይደለም፣ ወደ ላይ አይሄድም። ወለል ለወለል ነው የሚሳብ። ስታሸት ዝቅ በል። ገባህ?"

ገባኝ። ገብቶኝም አፌ አላርፍ አለና፣ ካራንቲና ያለው ክፍላችን ውስጥ ጋዝ ሊያልቅ ሲል ሲሊንደሩን አጋድመን፣ አንዳንዴም ሙቅ ውሃ አፍስሰንበት ጥርግ አድርገን እንደምንጨርሰው ነገርኳቸው። የብልሃት ወሬ መስሎኝ ነበር። አሚ የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ያን ዕለት ማከፋፈያውን በጊዜ ዘጉና፣ ያንን እንደ ወረቀት የተተኮሰ ነጭ ቶባቸውን እንደለበሱ የእኛን ደረጃ ወጡ። ክፍላችን ለስድስት ሰው ናት፤ ሲሊንደሩ ከራስጌዬ አጠገብ፣ ከስልክ መሙያዎቹ ሥር ነበር። ጎማው በፕላስተር ተጠቅልሏል። አሚ በሩ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ብቻ አሸተቱ።

"ቂሎች ናችሁ" አሉ። ለስድስት ጎልማሳ። "እናቶቻችሁ የላኳችሁ እዚህ እንድትቀቀሉ ነው?" ሲሊንደሩን በገዛ እጃቸው አውጥተው ደረጃው ላይ ካለችው ክፍት ሰገነት አስቀመጡት፣ ማታውኑ አዲስ ጎማ ይዘው ተመለሱ፣ ገጠሙት፣ እያንዳንዳችንን ከአንገቱ ዝጉ ክፈቱ እያሉ አስለመዱን። አንዱ ጓደኛዬ ተቆጥቶ "እኚህ ሰውዬ ምን አገባቸው?" ሲል እኔም በሆዴ ተስማምቼ ነበር። አሚን ግን ይሉኝታ አልያዛቸውም፤ ደስ ይበለን አይበለን ግድ አልነበራቸውም፣ እንድንኖር ነበር የፈለጉት። ይኼ የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ከሁሉም የምወደው የከሰዓቱ እረፍታችን ነበር። የከሰዓቱ የአስር ሰላት ካለቀ በኋላ አሚ በርጩማቸው ላይ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ይቀመጣሉ። እኔ ከኋላቸው፣ ከጥላው ሥር ሆኜ ብርቱካን እልጣለሁ። ጥፍሬ ልጣጩን ገና ከመንካቱ ሳይዞሩ "ግማሹ የእኔ ነው" ይላሉ። አንድም ቀን አያመልጣቸውም። በቀስታ ስልጥ፣ ነፋሱ ወደ እኔ ሲሆን ስልጥ፣ ፌስታል ውስጥ እጄን ከትቼ ስልጥ ያው ነው። ሹፌራችን፣ ዝምተኛ የጅማ ልጅ፣ እንዳይሸታቸው ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ መስኮት ዘግቶ ላጠና፣ ሲወርድ አሚ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቁት።

ከዚያ ያ ዓለሙን ሁሉ በየቤቱ የዘጋ በሽታ መጣ። አሚንም ያዛቸው። መካ ቤታቸው ተኝተው ሳለ በስልክ ሳላቸውን ብቻ ነበር የምንሰማው። እኔ በዚያ ሰሞን ሰላት ላይ ለእናቴ ከምለምነው ይልቅ ለእሳቸው የለመንኩት ይበልጣል፤ እናቴ ትቀየመኝ ይሆናል እንጂ እውነቱ ይኼ ነው። አላህ ሰማን፣ ተነሡ። ቶባቸው ሰፍቷቸው፣ ጉንጫቸው ጎድጉዶ ሲመለሱ ሹፌሩና እኔ እጃቸውን ስመን አልቅሰን ነበር። "ያላ፣ ኻላስ፣ ሥራ ሥራ!" ብለው አባረሩን።

የመጀመሪያው ጭነት ሲመጣ እንደ ልማዳቸው ወገባቸውን ደግፈው ጎንበስ አሉ። "ሰሊም።" ቀጣዩን። "ሰሊም።" አራተኛው ላይ ክዳኑን ሲያነሱ ሦስት እርምጃ ርቄ የቆምኩት እኔ አፍንጫዬን ያዝኩ፤ ያ የገማ እንቁላል የሚመስል ሽታ ነው፣ ተሳስቶ አያሳስትም። አሚ ረጅም ጊዜ አሸተቱ። "ሰሊም" አሉ።

እኔ ሹፌሩን አየሁት፣ ሹፌሩ እኔን አየኝ። ሲሊንደሩን አቅፌ ወደ ጥላው የምወስድ መስዬ ወደ ጥጉ ወሰድኩት፤ አሚ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ቀይ ጨርቁን አሰርኩበት።

ደክሟቸው ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ከሰዓት ከኋላቸው ሆኜ ብርቱካን ላጥኩ። አሚ መንገዱን እያዩ ዝም። ልጣጩን ሰበር ሰበር አደረግኩት፣ ጭማቂው ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ዝም። ሁለተኛ አውጥቼ ላጥኩ። ሁለቱንም ብርቱካን ብቻዬን በላኋቸው።

አሁን አንባቢ "ለምን አልነገርካቸውም?" ይለኛል፤ ልክ ነው። ግን እንዴት ብዬ? ስማቸው አፍንጫቸው ነበር። ከፔትሮሚን እስከ ሳፋ ሰፈር ድረስ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ "የአሚ አንቡባ" የሚለው በእሱ ተማምኖ ነው። ልጃቸው ደግሞ ከበሽታው ወዲህ "ያባ፣ በቃ ቤት ይረፉ" እያለ እንደሚጨቀጭቃቸው እናውቃለን። አፍንጫው መሄዱ ከተሰማ በርጩማዋ ላይ የሚቀመጡበት ምክንያት አይኖርም። እኔስ በምን አፌ? እጃቸውን ስሜ የማድር ሰው፣ ፊታቸው ቆሜ "አሚ፣ አንቱ አይሸትዎትም" ልበል? በጀርባዬ ሁለት ሙሉ ሲሊንደር ተሸክሜ ካራንቲና ድረስ በእግሬ ብሄድ ይቀለኝ ነበር።

ስለዚህ እኔና ሹፌሩ ሳንማከር ሁለታችንም በድብቅ አንድ ነገር ጀመርን። እኔ ከውሃ ታንከሩ ኋላ የሳሙና ባልዲ ደበቅኩ። አሚ "ሰሊም" ያሉትን አቧራ የማጥብ መስዬ አንገቱን አረፋ እቀባዋለሁ። "ምነው እንደ ሙሽራ አጠብካቸው?" እያሉ ያሾፉብኛል። አንድ ቀን ከታንከሩ ኋላ ስሄድ ሹፌሩ የራሱን ስፖንጅ ይዞ አገኘሁት። አሳዘነንም፣ አሳቀንም። ተከፋፈልን፤ ለምግብ ቤቶች የሚሄደውን እኔ፣ ሳፋ ላሉ ቤቶች የሚጫነውን እሱ እንዲያይ። እንዲህ አድርገን ስንት ወር ቆየን። ራሴን በጣም ጥሩ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር፤ የሽማግሌ ክብር ጠባቂ።

አንድ ሐሙስ አሚ "የቤቴ አልቋል" ብለው ከጥላው አንድ ሲሊንደር ራሳቸው መረጡ። ክዳኑን አንስተው አሸተቱ፣ "ሰሊም" አሉ፣ እኔ ተሸክሜ ለሹፌሩ አቀበልኩት፣ እሱ ፒክአፑ ላይ ቀጥ አድርጎ አሰረው። እኔ መኪና ላይ ስለወጣ ሹፌሩ አይቶታል አልኩ። ሹፌሩ ከእኔ እጅ ስለተቀበለው አይቼዋለሁ ብሎ አሰበ። መካ ያለው የአሚ ቤት ምግብ ቤት አይደለም፣ ሳፋም አይደለም፤ ክፍፍላችን ውስጥ አልነበረም።

"ነገ ጁሙዓ ናልኝ" አሉኝ ሲሄዱ። "ምሳው ከልጄ ሚስት፣ ሻዩ ከእኔ።"

አርብ መካ ስደርስ አዛን ደርሶ ስለነበር የተገናኘነው ሰፈራቸው ካለው መስጊድ ነው። ሰግደን በእግራችን ወደ ቤት ስንሄድ ሙቀቱ አስፋልቱን አቅልጦታል፤ እሳቸው ግን ክርኔን ይዘው ያወራሉ። አዲሱን ሲሊንደር ጠዋት ገጥመው፣ ቁልፉን ከፍተው፣ ውሃ ሊጥዱ ሲሉ አዛን ስላጣደፋቸው እንዲሁ እንደወጡ ነገሩኝ። "አሁን ሄጄ ነው የምጥድልህ፣ ሀበሻ የማያውቀው ሻይ።" ከአንገቱ ዘግቶ መውጣትን ለእኔ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ግን ማን ያንን ያስታውሳቸዋል? እኔ ስለ ሻዩ ነበር የማስበው።

ቤቱ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ልጃቸው ከሚስቱና ከትንሽ ሴት ልጁ ጋር ላይ ይኖራል፣ አሚ ብቻቸውን ምድር ቤት። ኤሲ አጥፍተው፣ መስኮት ለአቧራው ብለው ዘግተው ነው የሚወጡት። በሩን ከፈቱ፣ "ቢስሚላህ" ብለው ቀደሙኝ፣ ኮሪደሩ ጨለማ ስለሆነ እጃቸውን ወደ መብራቱ ማብሪያ ሰደዱ።

ሽታው ልክ እንደ ጥፊ መታኝ።

"አይንኩ!"

ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር። ስስመው የኖርኩትን እጅ አንጓው ላይ ይዤ በኃይል ወደ ውጭ ጎተትኳቸው። ጫማቸው ወለቀ፣ የራስ መሸፈኛቸው ወደቀ፣ ደረጃው ላይ ሊወድቁ ነበር። ጎረቤት ቆሞ ያያል። ፊታቸው በንዴት ቀላ።

"አብደሃል? ልጅ እንዲህ ያደርጋል?"

"ጋዝ አለ፣ አሚ። ቤቱ ሞልቷል።"

ወደ ክፍቱ በር ዞሩ። አገጫቸውን ቀና አድርገው አሸተቱ። ቀጥሎ እኔን እንዳስተማሩኝ ዝቅ ብለው አሸተቱ። ያኔ ያየሁትን ፊት እስክሞት አልረሳውም፤ ሰውዬው ገዛ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ሽታ እየፈለጉ ነበር። አላገኙትም።

ግን አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የቆዩት። ወዲያው አሮጌው አሚ ሆኑ። ባዶ እግራቸውን በውጭኛው ደረጃ ወጡ፤ ደወሉን አልነኩም፣ በሩን በቡጢ ደበደቡ። "እሳቱን አጥፉ! ማብሪያ እንዳትነኩ! ያላ፣ ውጡ!" በአረብኛ ሲጮሁ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። እኔ ስልኬን ደረጃው ላይ ጥዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ገባሁ፣ በዳሰሳ ወጥ ቤቱን አገኘሁ፣ የሲሊንደሩን ቁልፍ ዘጋሁ፣ መስኮቱንና የጓሮውን በር ከፈትኩ። አየር ስቤ ተመለስኩና ፈትቼ፣ ቀጥ እንዳለ አቅፌ ወደ ጓሮ አወጣሁት።

ሁላችንም መንገድ ላይ ቆመን ቤቱ እስኪተነፍስ ስንጠብቅ፣ ከጎረቤት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለመንኩ። ሬጉሌተሩን ጓሮ ውስጥ መልሼ ገጠምኩ፣ ቁልፉን ለቅጽበት ከፈት አድርጌ አንገቱን አረፋ ቀባሁት። አረፋው ቀስ ብሎ ተነፋ፤ አደገ፣ ፈነዳ፣ እንደገና ተነፋ። የአፉ ጎሚኒ፣ ማሸጊያ ጎማው፣ ተሰንጥቋል። መልሼ ዘጋሁት። ቀና ስል አሚ ከኋላዬ ቆመው አረፋውን ሲያዩ አገኘኋቸው።

ጥላ ፈልገን አጥር ሥር ተቀመጥን። አሚ ላባቸውን ጠረጉና ጠየቁኝ።

"መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ከሕመምዎ ሲመለሱ። በብርቱካኑ።"

"ብርቱካን ላጥክ?"

"ሁለት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሹፌሩስ?"

"እሱም ያውቃል። አንቡባውን ከኋላዎ በሳሙና እናይ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አፍሬ ነው፣ አሚ። አንቱን እንዳላሳፍር።"

ያኔ በጣታቸው ወደ ሕፃኗ ጠቆሙኝ፤ የእናቷን ቀሚስ ይዛ በአንድ እግሯ ትዘላለች። "ሐሙስ ሐሙስ እኔ ጋ ነው የምትተኛ" አሉ። "አልጋ አትወድም። ፍራሿን ወለል ላይ ዘርግቼላት ነው የምትተኛ። ትናንት የልጄ አማቶች ቤት ስለሄዱ ነው ያልመጣችው። ዛሬ ትመጣ ነበር።" ወደ እኔ ዞሩ። "ጋዝ በየት ነው የሚሄድ ብዬህ ነበር?"

ወለል ለወለል እንደሚሳብ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ያን ያህል ወር የተሸከምኩት ጨዋነቴ፣ በጣም ጥሩ ሰው ያደረገኝ ዝምታዬ፣ የዚያችን ልጅ ፍራሽ ሊያነድ እንደነበር ሲገባኝ እዚያው አጥር ሥር ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። የእኛን ክፍል ደረጃ ወጥተው "ቂሎች ናችሁ" ያሉን ሰው ትዝ አሉኝ። እሳቸውን ይሉኝታ አልያዛቸውም ነበር። እኔ ግን ክብራቸውን አትርፌ ቤታቸውን ልጥል ነበር።

አሚ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። "ተው፣ ያ ወለዲ። እኔም ደብቄያለሁ። ይመለስልኛል እያልኩ ስንት ወር ባዶውን አሸተትኩ። ቤት ያስቀምጡኛል ብዬ ፈራሁ። እኔ ደበቅኩ፣ አንተ ሸፈንክልኝ፣ ሁለታችንም ቂሎች ነን።" ከዚያ ጮክ ብለው ልጃቸውን ጠሩት፤ እዚያው፣ ጎረቤቱ እየሰማ፣ አፍንጫቸው ከበሽታው ወዲህ እንደማይሠራ በአረብኛ ነገሩት። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ጀግንነት ያ ነው።

ልጃቸው መጀመሪያ ክው አለ፣ ቀጥሎ የፈራነውን አለ። "ኻላስ፣ ያባ። ከነገ ጀምሮ ቤት።"

አሚ እኔን አዩኝ። አፍንጫቸውን ሲያጡም እንዲያ አልፈሩም። በዚህ ጊዜ ይሉኝታዬን ዋጥኩ፤ የሰው ቤት ነገር ነው፣ ከፊሌ ናቸው፣ ልጃቸውም የማከፋፈያው ወራሽ ነው፣ ግን ተናገርኩ። በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ፣ ሲሊንደር ስለማቆም፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ አንገት መዝጋት የማውቀውን ሁሉ ከእሳቸው እንደተማርኩ፣ ስድስት ሰው ካራንቲና ውስጥ በሕይወት ያለው በእሳቸው ቁጣ እንደሆነ ነገርኩት። "የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ሳሙና ይሠራዋል" አልኩት። ልጁ አባቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሕፃኗን አቅፎ ሄደ። አመሻሹ ላይ ግን ከገበያ ጋዝ ሲኖር የሚጮህ መሣሪያ ገዝቶ መጣና ወጥ ቤቱ ውስጥ ከወለሉ ብዙም ሳይርቅ ሰቀለው። አሚ ጎንበስ ብለው መረመሩት። "የፕላስቲክ አፍንጫ ገዛልኝ" አሉ። ያን ሲሉ ቅዳሜ ሥራ እንደሚመጡ ገባኝ።

ቅዳሜ ጭነቱ ከመድረሱ በፊት መጡ። ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ሄደው የሂጅሪ ካላንደሩን ነቀሉት፤ ከሥሩ ያለው የስፖንጁ ሰውዬ ቀለሙ ሳይደበዝዝ ቆይቷል። ካላንደሩን ሌላ ምስማር ላይ ሰቀሉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሳሙና አፍንጫ ለሌለው ነው ብዬህ አልነበር? ባልዲውን አምጣ። ከታንከሩ ኋላ ነው ያለ።"

ሹፌሩና እኔ ተያየን። የት እንደደበቅነው መቼ እንዳወቁ አልጠየቅናቸውም። መኪናው ሲያራግፍ አሚ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ በርጩማዋን አስጠግተው፣ እያንዳንዱን አንገት አረፋ ቀቡ። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ "አፍንጫዬ ሞቷል፣ አላህ ይተካልኝ፤ እስከዚያው በዓይኔ ነው የማየው" ይላሉ። ማንም ጥሏቸው አልሄደም። ስድስተኛው ላይ ይሁን ሰባተኛው፣ አረፋው ተነፋ። አሚ እንደ ሕፃን ደስ ብሏቸው ጮኹ፣ "መሪድ!" ቀይ ጨርቁን ራሳቸው አሰሩበት።

ከአስር ሰላት በኋላ እንደ ድሮው በርጩማቸው ላይ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀመጡ። ከኋላቸው ሆኜ ብርቱካን ላጥኩ። ጭማቂው ጣቴ ላይ ፈሰሰ። አሚ መንገዱን ያያሉ።

"አሚ" አልኳቸው፣ "ግማሹ የአንቱ ነው።"

ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።